የእማዬ አፍ ይቃጠላል፤ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ራስ ምታቱ፣ ምሬቱ ከአንድ በሽታ ነው ወይስ ሌላ ሌላ?

የሽምብጧ — ረቡዕ ማታ 3፡20

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

እናቴ 57 ዓመቷ ነው። ከእንቁጣጣሽ ሰሞን ጀምሮ "ምላሴን ትኩስ ሻይ የላጠው ይመስለኛል" ትል ጀመር። ሻይ ነው ብለን ተውነው። ይኸው ሰኔ ገባ፣ አልለቀቃትም። መጀመሪያ የምላሷ ጫፍና ዳር ዳሩ ነበር። ከዚያ ላንቃዋ፣ አሁን ደግሞ የታችኛው ከንፈሯ። "ሚጥሚጣ ነስንሰው የተዉኝ ነው የሚመስለኝ" ትላለች።

ጠዋት ስትነሳ ደህና ናት። ረፋዱ ላይ ይጀምራታል፣ ማታ ይነድዳል። የሚገርመኝ ስትበላ ይተዋታል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ቆሎ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትዞራለች። አንድ ሁለት ፍሬ እያለች ነው የምትውለው።

እኔን ያስጨነቀኝ ግን ማቃጠሉ ብቻ አይደለም። አብሮት የመጣው መዓት ነው። አፏ ይደርቃል፣ ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ውሃ ልትጠጣ ትነሳለች። "ሳንቲም የላስኩ ይመስለኛል" ትላለች፣ ውሃው ራሱ ይመርራታል። ጣዕም ስለጠፋባት ሽሮው ላይ ጨው ትጨምራለች፣ ደም ግፊት እያለባት! ጠዋት መንጋጋዋንና ጆሮ ግንዷን ያማታል። እግሯን "ጉንዳን ይሄድብኛል" ትላለች። ከሁሉም የባሰው ደግሞ ዝም ማለቷ ነው። በወር አንድ ጊዜ የማርያም ማኅበር አላት፣ ሳትቀር የምትሄድበት። ሦስት ወር ቀረች። ብዙ ስታወራ ይብስባታል፣ እሷ ደግሞ ማኅበር ሄዳ ዝም የምትል ሰው አይደለችም።

አንድ የግል ክሊኒክ ሄድን፣ "ምንም የለም፣ ንጹህ ነው" ተባልን። ሌላ ቦታ አፍ መጉመጥመጫ ሰጡን፣ ጭራሽ አቃጠላት። አሁን ጥያቄዬ፣ ይሄ ሁሉ አንድ በሽታ ነው? ወይስ አምስት ስድስት በሽታ ባንድ ጊዜ መጣባት? የትኛውን ሐኪም ነው የምናየው?

ደጉ ሰው — ረቡዕ ማታ 3፡41

ምች ነው እህቴ። ዳማከሴ አሽተሽ አሽቻት፣ ነገ ትነሳለች።

የሽምብጧ — ረቡዕ ማታ 3፡44

ወንድሜ ዳማከሴ ከጓሯችን አልቆ የጎረቤት ጀምረናል። ምች ዘጠኝ ወር ይቆያል እንዴ?

ሲስተር ጣና — ረቡዕ ማታ 4፡15

የሽምብጧ፣ እግዜር ይማርልሽ። ነርስ ነኝ፣ እዚሁ ባሕር ዳር። መልስ ከመስጠቴ በፊት አንድ ነገር አድርጊ። ነገ ጠዋት በረንዳ ላይ፣ በፀሐይ ብርሃን፣ አፋቸውን አስከፍተሽ እዪ። ሁለት ሦስት ሳምንት ሞልቶት ያልዳነ ቁስል አለ? ሲጠረግ የማይለቅ ነጭ ወይም ቀይ ምልክት አለ? እብጠት አለ? ማቃጠሉ ባንድ ጎን ብቻ ነው? ሲውጡ ያንቃቸዋል? ክብደት ቀንሰዋል? ከነዚህ አንዱ ካለ እኛን አትጠብቂ፣ ይዘሻቸው ሆስፒታል ሂጂ።

ሌላው፣ ምላሱ ተልጦ እንደ መስታወት ለስልሶ ቀይ ከሆነ የደም ማነስ ወይም የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ሊሆን ይችላል። እንደ እርጎ ያለ ነጭ ነገር ካለበት ፈንገስ ነው። ምንም የማይታይበት፣ ደህና የሚመስል ምላስ ሆኖ የሚያቃጥል ከሆነ ደግሞ ሌላ ወሬ ነው የምናወራው። አይተሽ ንገሪኝ።

የሽምብጧ — ሐሙስ ጠዋት 2፡05

አየሁት ሲስተር። ሮዝ ነው፣ የኔን ነው የሚመስለው። ቁስል የለም፣ ነጭም የለም።

ግን እማዬ ራሷ አንድ ነገር አሳየችኝ። ለካ ማታ ማታ እኛ ስንተኛ በስልኳ መብራት መስታወት ፊት ቆማ ምላሷን እየጎተተች ታይ ኖሯል። ከምላሷ ጀርባ፣ ወደ ጉሮሮው፣ ክብ ክብ እብጠቶች በሰልፍ አሉ። "ይኸው ካንሰሩ" አለችኝ። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ለካ ወራት ሙሉ ይህን ይዛ ነው ዝም ያለችው። አለቀስኩ፣ አልዋሽም።

ሲስተር ጣና — ሐሙስ ጠዋት 2፡20

ኧረ እህቴ፣ አታልቅሺ! እነዚያ ክቦች የአንችም ምላስ ላይ አሉ። እንደ ተገለበጠ ቪ ፊደል የተሰለፉ ናቸው አይደል? ጣዕም የሚለዩ የምላስ ክፍሎች ናቸው፣ ሁሉም ሰው አለው። የራስሽን አፍ ክፈቺና አሳያቸው፣ አሁኑኑ። ካንሰርን መፍራት ከዚህ ማቃጠል ጋር አብሮ ከሚመጡት ነገሮች አንዱ ነው። ያም ሆኖ የጥርስ ሐኪም ወይም የአንገት በላይ ሐኪም አንድ ጊዜ በእጁ ዳሶ "የለም" ይበላቸው። የሐኪም "የለም" ከኔና ካንቺ "የለም" ይልቅ ያስተኛል።

የሽምብጧ — ሐሙስ ጠዋት 2፡38

አሳየኋት። የኔን ካየች በኋላ የወንድሜን፣ ከዚያ የሠራተኛዋን፣ ከዚያ ቡና ልትጠጣ የመጣችውን ጎረቤት አፍ አስከፍታ አየች። ዛሬ ቤታችን የጥርስ ክሊኒክ መስሏል።

ቀጥተኛው — ሐሙስ ቀን 7፡10

እውነቱን ልናገር፣ ቅር አይበላችሁ። ምርመራው ንጹህ ነው፣ ምላሷ ደህና ነው፣ እንቅልፍ የለም፣ ዝም ብላለች። ይሄ ጭንቀት ነው። አፏ ሳይሆን ሐሳቧ ነው የሚቃጠለው። ወጣ ወጣ ትበል፣ ጣና ዳር ንፋስ ትቀበል።

መምህርት ጡረተኛ — ሐሙስ ማታ 1፡30

ቀጥተኛው፣ ልጄ፣ ቅር ብሎኛል።

31 ዓመት አስተምሬያለሁ። አፌ መቃጠል ከጀመረ 4 ዓመቴ ነው። ይህቺን "ሐሳብሽ ነው" የምትል ቃል ስንት ቦታ እንደሰማኋት ብትቆጥርልኝ ደስ ይለኛል። እኔ መቁጠር ትቻለሁ። አንድ የጥርስ ክሊኒክ "ጥርስሽ ነው" ብሎ ሦስት መንጋጋ ነቀለልኝ፣ ጤነኛ ጥርስ! ማቃጠሉ ንቅንቅ አላለም። አሁን በግራ በኩል ቆሎ መቆርጠም አልችልም። የትኛው ክሊኒክ እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ አልናገርም። ብቻ ማንም ሰው ኤክስሬይ ሳያሳያችሁ ጥርስ እንዳታስነቅሉ።

በኋላ አዲስ አበባ ልጄ ዘንድ ሄጄ አንድ ሐኪም ስሙን ነገረኝ። በርኒንግ ማውዝ ሲንድረም ይባላል። አፍ ውስጥ የሚታይ ነገር ሳይኖር፣ በቀን ከ2 ሰዓት በላይ፣ ከ3 ወር በላይ በየቀኑ የሚያቃጥል። ከሁሉ የሚበዛው ባረጡ (የወር አበባቸው በቆመ) ሴቶች ላይ ነው። ስሙን ስሰማ እዚያው ወንበሩ ላይ እንደ ልጅ አለቀስኩ። ስም ያለው ነገር እብደት አይደለማ!

ሐኪሙ እንዳስረዳኝ ነገሩ የነርቭ ነው። ከነዚህ ሕሙማን ምላስ ቅንጣት ወስደው በማጉያ ያዩ ተመራማሪዎች ቀጫጭኖቹ የነርቭ ጫፎች ሳስተው አግኝተዋል። ነርቩ ታሟል፣ ቆዳው ግን ደህና ነው። ስለዚህ ዓይን ምንም አያይም። ጣዕም የሚያመላልሰው ነርቭና ሕመም የሚያመላልሰው ነርቭ ደግሞ ጎረቤታሞች ናቸው። ጣዕሙ ሲሠራ ሕመሙን ያዝ ያደርገዋል፣ ሲደክም ሕመሙ ይለቀቃል ይላሉ። የሽምብጧ፣ እናትሽ ቆሎ ሲበሉ የሚሻላቸው፣ ሳንቲም ሳንቲም የሚላቸውም በዚሁ ይመስለኛል። ማቃጠል፣ ምሬት፣ ድርቀት ሦስቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው የሚሄዱት። ድርቀቱ ደግሞ ጉድ ነው፣ ብዙ ጊዜ ምራቁ ሲለካ ልክ ነው፤ ደረቅ የሚለው ስሜቱ ነው።

ጭንቀቱስ? አለ እንጂ! ማን አይጨነቅም? ግን ማን ቀደመ ብለህ ጠይቅ። አንዳንዱ ሰው ጭንቀት ቀድሞበት አፉ ይከተላል፣ አንዳንዱ አፉ ቀድሞ ጭንቀቱ ይከተላል። አንዴ ከተገናኙ ደግሞ አንዱ ሌላውን ይጎትታል። ታዲያ "ጭንቀት ነው" ተብሎ ደሙ ሳይታይ የተሸኘ ሰው ስንት ነው?

እኔ የሠራሁትን ልንገርሽ የሽምብጧ። የተማሪ ደብተር ገዛሁ። ገጹን አጋድሜ መስመር አሰመርኩ፣ ወራቱን ጻፍኩበት። ከዚያ የሚያመኝን ሁሉ በጀመረበት ወር ላይ አስቀመጥኩ። የምውጠውን መድኃኒት ሁሉ ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ። ሌላ ምንም አልጨመርኩም። ያን ገጽ ይዤ ስገባ ሐኪሙ ሁለት ደቂቃ ዝም ብሎ አየውና "ድካሙና ብርዱ ከአፍሽ በፊት ነው የጀመረው" አለኝ። የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ምርመራ አዘዘ። ሰነፍ ሆኖ ተገኘ። ክኒኑን ጀመርኩ፣ ድካሙ ለቀቀኝ። አፌ ግን ትንሽ ነው የተሻለው። ለካ ሁለት በሽታ ነበረኝ፣ እኔ አንድ ነው ብዬ ነበር።

ቀጥተኛው — ሐሙስ ማታ 1፡52

መምህርት ይቅርታ። ጥርሱን ሳነብ ደነገጥኩ። እኔ እናቴን በድብርት ስላየሁ ነው እንደዚያ ያልኩት።

መምህርት ጡረተኛ — ሐሙስ ማታ 1፡58

ይቅር ብዬሃለሁ። እናትህስ ደህና ናቸው?

ቀጥተኛው — ሐሙስ ማታ 2፡03

ደህና ናት፣ መድኃኒቷን እየወሰደች ነው። አመሰግናለሁ።

ባለባጃጁ — ሐሙስ ማታ 2፡30

እኔም ልጨምር። ወንድ ነኝ፣ 38 ዓመቴ። አምና አፌ ተቃጠለ፣ ድድ ምላስ ሁሉ። የጫት ነው ብዬ ጫት ተውኩ (ይሄ ጥሩ ሆነ)። አልለቀቀኝም። ውሃ ጥም፣ ሽንት፣ ከፓፒረስ እስከ አባይ ማዶ ስሄድ ሁለት ቦታ ባጃጅ አቁሜ እሸናለሁ። ተሳፋሪ ይሳደባል። በመጨረሻ ስኳር ተለካሁ፣ ከ300 በላይ! አፌ ላይ ደግሞ ፈንገስ ነበረ። ፈንገሱ ታከመ፣ ስኳሩ ወረደ፣ ማቃጠሉ ጠፋ። የኔ እንደ መምህርት አይደለም፣ የኔ ምክንያት ነበረው። ስኳር ሳትለኩ እንዳትቀመጡ ለማለት ነው።

የመድኃኒት ሰው — ዓርብ ጠዋት 3፡00

ፋርማሲስት ነኝ። ክሩን ከላይ ጀምሬ አነበብኩት። የሽምብጧ፣ አንድ ያልነገርሽን ነገር አለ። እናትሽ ለደም ግፊቱ ምንድን ነው የሚወስዱት? ሌላስ የሚውጡት አለ? ለጨጓራ፣ ለእንቅልፍ፣ ለአለርጂ፣ ሁሉንም ጻፊልኝ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነም ጭምር። እና አንድ ግራ የሚያጋባሽ ጥያቄ፦ ደረቅ ሳል አላቸው?

የሽምብጧ — ዓርብ ቀን 6፡40

ሳሉን በምን አወቅህ?? አላት! ጉሮሮዋን የሚበላት ዓይነት፣ አክታ የለውም። ብርድ ነው ብለን ዝንጅብል ስናጠጣት ነው የከረምነው።

የመምህርትን ደብተር ሠራሁ፣ ከእማዬ ጋር ቁጭ ብለን። ግፊቱ ከታወቀ 3 ዓመት። መጀመሪያ አንድ መድኃኒት ነበር፣ አምና ግንቦት ወደ ኢናላፕሪል ተቀየረ። ሳሉ ሐምሌ ላይ። አፏ መስከረም። ለጨጓራዋ ኦሜፕራዞል፣ እሱ እንኳ ሦስት ዓመት አለፈው፤ ሲያልቅባት ራሷ ሄዳ ትገዛለች። እግሯ ላይ ጉንዳኑ ከአፏ በፊት ነው የጀመረው፣ ጥምቀት ሰሞን አምና። ይህን አላውቅም ነበር። ለማንም አልነገረችም። መንጋጋዋ ኅዳር፣ እንቅልፉ ታኅሣሥ። ማኅበር የቀረችው መጋቢት።

የመድኃኒት ሰው — ዓርብ ማታ 12፡50

ይህ ገጽ ግማሽ ምርመራ ነው። በጥንቃቄ አንብቢኝ፣ ሐኪም አይደለሁም፣ ለሐኪሙ የምትወስጂውን ነው የምነግርሽ።

ኢናላፕሪልና ዘመዶቹ (መጨረሻቸው "ፕሪል" የሆኑት) ደረቅ ሳል በማምጣት የታወቁ ናቸው። ጥቂት ሰዎች ላይ ደግሞ አፍ ያቃጥላሉ፣ ጣዕም ያበላሻሉ። ሳል፣ ምሬት፣ ማቃጠል፣ ሦስቱም መድኃኒቱ ከተቀየረ በኋላ ነው የመጡት። እሱ ላይሆንም ይችላል። ግን ሐኪሙ በሌላ ሊቀይርላቸው ይችላል፣ አማራጭ ሞልቷል። በራሳችሁ እንዳታቋርጡ። ግፊት ያለ መድኃኒት ተትቶ ስትሮክ የመጣበትን ሰው በዓይኔ አይቻለሁ።

ኦሜፕራዞል ለዓመታት ሲወሰድ የጨጓራ አሲድ ይቀንሳል። ቢ12ን ከምግብ ፈልቅቆ ለማውጣት ደግሞ አሲድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከጊዜ በኋላ ቢ12 ሊያንስ ይችላል። እግር ላይ የሚሄድ ጉንዳን የቢ12 ዓይነተኛ ምልክት ነው። አፍንም ያቃጥላል። ሜትፎርሚን የምትወስዱ የስኳር ሕመምተኞችም ይህን ልብ በሉ፣ ባለባጃጁ ላንተም ጭምር ነው።

ስለዚህ ሲሄዱ እነዚህን ይጠይቁ፦ ሙሉ የደም ምርመራ፣ ፌሪቲን (የብረት ክምችት)፣ ቢ12፣ ፎሌት (ሌላ የቢ ቫይታሚን)፣ ስኳር (የሦስት ወሩ አማካይም)፣ ታይሮይድ። "ንጹህ ነው" ያላችሁ ክሊኒክ ከነዚህ የትኛውን አየ? ወረቀቱን እዪው።

የሽምብጧ — ዓርብ ማታ 1፡15

አየሁት። ሽንትና ሰገራ፣ ታይፎይድ። በቃ።

ባለባጃጁ — ዓርብ ማታ 1፡17

😂😂 ታይፎይድ የሌለበት አገር ሰው አለ?

ጸበልተኛዋ — ቅዳሜ ጠዋት 4፡10

እኔ በእምነት ነው የማምነው። እናትሽን ጸበል ውሰጃት። እህቴ በጸበል ነው የዳነችው። ክኒን የሚያመጣው ሌላ ክኒን ነው።

የዘጌው — ቅዳሜ ቀን 5፡30

ጸበልተኛዋ፣ እኔም ዲያቆን ነኝ፣ ጸበል አልነቅፍም። ግን ጸበልና ሐኪም ጠበኛ አይደሉም። መድኃኒታቸውን ይዘው ይግቡ፣ ሳያቋርጡ።

አንድ ነገር ግን ልናገር። የሽምብጧ፣ እናትሽ ይጾማሉ?

የሽምብጧ — ቅዳሜ ቀን 6፡02

እንዴታ! ይኸው የሰኔን እንኳን ይዛለች። የዘንድሮ ሁዳዴ ደግሞ እስከ 9 ሰዓት ስትጾም ያየሁትን ስቃይ! ውሃም አይቀመስ፣ ቆሎውም የለ። አፏ ባዶ ሲሆን ነው የሚብሰው አላልኳችሁም? 6 ሰዓት ላይ አልጋ ላይ ትወድቃለች። "ቆሎ ለመድኃኒት ነው" ብላ አንድ ቀን ቀመሰች፣ ከዚያ ሦስት ቀን ስትጸጸት ሰነበተች። ፍልሰታ ደግሞ እየመጣ ነው።

የዘጌው — ቅዳሜ ቀን 6፡20

ለዚህ ነው የጠየቅኩሽ። የነፍስ አባታቸውን ያማክሩ። ለታመመ ሰው ሰዓቱ ይቀነሳል፣ ውሃና መድኃኒት ይፈቀዳል፣ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። ብዙ እናቶች ስለሚያፍሩ አይጠይቁም። እኛ ቀበሌ አንዲት እናት የስኳር መድኃኒታቸውን በጾም ሰዓት እየተዉ ራሳቸውን ሲስቱ ነው ካህኑ የሰሙት። ካህኑ ተቆጧቸው፣ በጣም ነው የተቆጧቸው።

ሲስተር ጣና — ቅዳሜ ማታ 2፡00

ዲያቆን ተባረክ። በነካ እጄ ጾምን ለቢ12 ተጠያቂ ለማድረግ ለሚቸኩሉ አንድ ቃል። ቢ12 ጉበት ውስጥ ለዓመታት ይከማቻል። ፍስክ ሲሆን ሥጋና እንቁላል፣ ወተት የሚበላ ሰው በጾም ብቻ አይጎድልበትም። ሲጎድል ብዙ ጊዜ መምጠጡ ነው የተበላሸው፣ ጨጓራው ወይ መድኃኒቱ።

ስለ ድርቀቱ፦ ውሃ ደጋግሞ በትንሽ በትንሹ። ተልባ ቀቅለው አጥልለው ቀዝቀዝ ሲል አፍ ውስጥ ያዝ አድርጎ መዋጥ ብዙ ሰው ይረዳል፣ ያ ልፋጩ አፉን ይለብጠዋል። በውጭ አገር ለደረቀ አፍ የሚሸጥ የተልባ ዝግጅትም አለ፣ እኛ ጓዳ ውስጥ እያለ! አልኮል ያለበት መጉመጥመጫ ጣሉት፣ ጭራሽ ያቃጠላቸው ምናልባት እሱ ነው። የጥርስ ሳሙናም ቀረፋ ያለበትን፣ አረፋው የሚበዛውን ይቀይሩ።

መምህርት ጡረተኛ — እሑድ ማታ 3፡30

ስለ እንቅልፉ ልጨምር፣ ዛሬም አልተኛሁምና።

ሰው የማይረዳው ሌሊቱን ነው። ብዙዎቻችን ማቃጠሉ ራሱ አይቀሰቅሰንም፤ እንቅልፍ እስኪመጣ ያለው ሰዓት ነው የሚገድለን። ማታ ሁሉ ነገር ዝም ሲል አፌ ብቻ ይጮኻል። ምላሴን ጥርሴ ላይ እገፋለሁ፣ ሳላውቀው። ጥርሴን አፋጫለሁ። ጠዋት መንጋጋዬ፣ ጆሮ ግንዴ፣ አንገቴ ያመኛል። ያ ራስ ምታት ነው ብዬ ስንት ፓናዶል ዋጥኩ! እናትሽም ጠዋት ጠዋት ከሆነ የሚያማቸው ይህንኑ ይመስላል። አንድ ሐኪም "ከንፈር ግጥም፣ ጥርስ ለየት፣ ምላስ ከላንቃ ጋር ዘና" ብሎ አስተማረኝ። ቀን ቀን ትዝ ባለኝ ቁጥር አደርገዋለሁ። ለመንጋጋዬ ረድቶኛል።

ለነርቩ አሚትሪፕቲሊን ተሰጥቶኝ ነበር፣ ትንሽ መጠን፣ ማታ ማታ። እንቅልፍ ሰጠኝ፣ እውነት ነው። ግን አፌን እንደ ድርቆሽ አደረቀው፣ ሆዴንም አደረቀው። ያኔ ደብተሬ ላይ "ድርቀት ጨመረ" ብዬ ጽፌ በቀይ ሳሰምር ነው የገባኝ። ሐኪሙ ቀየረልኝ። አሁን አንዲት ክኒን ሳልውጥ አፌ ውስጥ አሟሙቼ፣ ሦስት ደቂቃ ይዤ እተፋለሁ። ስሟን አልጽፍም፣ ያለ ሐኪም የሚሞክር ይኖራል።

የመድኃኒት ሰው — እሑድ ማታ 3፡48

ባይጻፍ ጥሩ ነው መምህርት። ቁጥጥር ያለበት መድኃኒት ነው፣ ሱስም ያስይዛል። የሚያዝዝ ሐኪም ያውቀዋል።

የሽምብጧ — ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ማክሰኞ ማታ 2፡15

ተመልሼ መጣሁ። ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ሄድን፣ የውስጥ ደዌ። ወረፋው ወረፋ ነው፣ ከጠዋት 1 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት። እማዬ ቆሎዋን ለተሰላፊው ስታድል ዋለች። ሐኪሟ ወጣት ልጅ ናት። ደብተሩን አየችና "ይህን ማን አሠራሽ?" አለችኝ። "ጡረታ የወጣች መምህርት" አልኳት። ሳቀች።

ቢ12 ለየብቻው የግል ላቦራቶሪ ነው ያሠራነው። ከ200 በታች ነበር፣ ዝቅተኛ ማለት ነው። ስኳሩ ደህና፣ ታይሮይዱ ደህና፣ ብረቱም ደህና። የቢ12 መርፌ ጀመረች። ኢናላፕሪሉ በአምሎዲፒን ተቀየረ። ኦሜፕራዞሉ ቀስ በቀስ ይቀነስ ተባለ። የአንገት በላይ ሐኪምም አፏን ዳሶ "ካንሰር የለም" አላት። ስትወጣ ያ በር ላይ ቆማ የሠራችውን እልልታ ብትሰሙ! ዘበኛው ሙሽራ የመጣ መስሎት ወጣ።

ባለባጃጁ — ማክሰኞ ማታ 2፡19

እልል በይ አንቺ!

የመድኃኒት ሰው — ማክሰኞ ማታ 2፡40

ጥሩ ዜና። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ ሁለት ነገር ባንድ ሳምንት ስለተቀየረ የትኛው እንደረዳ ኋላ ለመለየት ያስቸግራል። ሳሉ የሚጠፋበትን ቀን ጻፊ። የአምሎዲፒን እግር ማበጥም አለ፣ ቁርጭምጭሚታቸውን እዪ።

የሽምብጧ — ነሐሴ አጋማሽ፣ ሐሙስ ማታ 1፡40

ቃል ስለገባሁ ነው የምጽፈው።

ሳሉ በሦስተኛው ሳምንት ጠፋ። ውሃው መምረሩን ተወ፣ ሽሮው ላይ የምትጨምረው ጨውም ቀነሰ። እግሯ ላይ ጉንዳኑ ሳስቷል፣ ፈጽሞ ግን አልሄደም። ሐኪሟ ነርቭ ቀስ ብሎ ነው የሚመለሰው ብላለች። ማቃጠሉን ከአሥር ስንት ብዬ ነው የምጠይቃት። ሰኔ ላይ 8 ትል ነበር፣ አሁን 4፣ አንዳንድ ቀን 3። ትናንት ግን 6 አለች፣ ለምን እንደሆነ አላወቅንም። ሐኪሟ የቀረው የነርቩ ራሱ ሊሆን ይችላል፣ እናየዋለን ብላለች። መንጋጋዋ ደህና ነው። እንቅልፏ ግን ገና ነው፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ትነሳለች።

ፍልሰታን ካህኑ እስከ 6 ሰዓት አደረጉላት፣ ውሃም ፈቀዱላት። ተጨቃጨቀች፣ ኋላ ተቀበለች።

መምህርት፣ በውስጥ መስመር እንደተነጋገርነው፣ እሑድ ዝናቡ ጋብ ሲል ጣና ዳር እንገናኛለን። እማዬ ከትናንት ጀምራ የምትለብሰውን እየመረጠች ነው።

መምህርት ጡረተኛ — ሐሙስ ማታ 1፡55

እኔም መርጫለሁ። ደብተሬን ይዤ እመጣለሁ፣ የሷንም ይዛችሁ ኑ።

ባለባጃጁ — ሐሙስ ማታ 1፡58

ትራንስፖርት በእኔ። ነጻ!

የሽምብጧ — እሑድ ማታ 2፡30

ደብተሩ ከቦርሳ አልወጣም። ሁለቱ ከ9 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ስለ ልጆች፣ ስለ በርበሬ ዋጋ፣ ስለ እምቦጭ ሲያወሩ ቆዩ። ሁለቱም ብዙ ካወሩ የሚያቃጥላቸው ሰዎች ናቸው። አንድ ኪሎ ቆሎ ነበር የያዝነው። አሁን ያለኝ ፌስታሉ ብቻ ነው።